ከወንዙ በታች ስለሚሄደው ወንዝ

በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችን የልደት በዓል ሲከበር በአዲስ አበባ በልደታ ሰፈር ያሉ ጎረቤታሞች እንደ አባቶቻቸው ልማድ ንፍሮ ቀቅለው ከደጅ ተሰብስበው ይቀማምሳሉ። ይህ ቀን የበጋው ማለቂያ ነው። የበልግ ዝናም በመጋቢትና በሚያዝያ ቢያካፋም ምድሪቱ ጠጥታው ለወንዝ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ የክረምቱም ዝናም ገና ሰኔን ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ከሰፈሩ በስተምዕራብ ቁልቁል የሚሄደው ትንሹ አቃቂ በዚያ ቀን ወርዶ ለሚያየው ሰው አልደረቀም። ቀጥኗል፥ ጠቁሯል፥ ሽታውም ከፍቷል፤ ግን ይሄዳል። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ሰማይ እምብዛም ያልመገበው ወንዝ ይህን ሁሉ ወር ስንቁን ከወዴት አገኘ?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ አለ። አንደኛው የሚያሳፍር ስለ ሆነ ፈጥኖ ተናግሮ ማለፍ ይሻላል፤ ይኸውም በከተማው መካከል ከሚያልፈው የበጋ ፈሳሽ ብዙው ክፍል ከቤት፥ ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከፋብሪካ የሚወጣ እድፍ ነው። ሁለተኛው መልስ ግን ከተማዋ ሳትቆረቆር የነበረ፥ በበጋ በማይደርቁት የኢትዮጵያ ወንዞች ሁሉ ዘንድ የሚገኝ ነው። ወንዝ በበጋ የሚኖረው ምድር በክረምት ያጠራቀመችውን ውኃ መልሳ ስለምትከፍለው ነው። ይህም ክፍያ የሚፈጸመው ዓይን በማያየው ስፍራ፥ ከወንዙ ወለል በታች ባለው አሸዋና ጠጠር ውስጥ ነው። ወረዳ የሚያስተዳድር ሹም ወይም ወንዝ ዳር መሬት የያዘ ሰው ይህን ስፍራ ሳያውቅ ስለ ውኃ ትእዛዝ የሰጠ እንደ ሆነ፥ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ እንደሚፈርድ ዳኛ ይሆናል።

የነገሩ መነሻ ከተራራው ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናም ይወርዳል፤ የሚበዛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ከዚህ ውስጥ ከፊሉ ወዲያው በጎርፍ ይሄዳል፥ ከፊሉ ተንኖ ወደ ሰማይ ይመለሳል፥ ከፊሉንም ሣርና ዛፍ ይጠጡታል። የቀረው በእንጦጦና በወጨጫ በተሰነጣጠቀው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ እየሰረገ ይወርዳል። ከርሠ ምድር የሚለው የግዕዝ ቃል የምድር ሆድ ማለት ነው፤ ነገሩን ከዚህ አሳጥሮ የሚናገር ቃል አይገኝም። ምድር ዝናሙን ትውጠዋለች፥ በሆድዋ ታቆየዋለች፥ በቀስታም ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ትነዳዋለች። ዝቅተኛው ስፍራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወንዝ ነው።

አዲስ አበባ ራስዋ የዚህ ውኃ ልጅ ናት። እቴጌ ጣይቱ በፍልውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ከጥልቅ ስንጥቅ በሚፈልቀው ሙቅ ውኃ ምክንያት ነው። በዳግማዊ ምኒልክም ዘመን ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ወደ ቤተ መንግሥቱ በቧንቧ ያመጣው የእንጦጦን ግርጌ የምንጭ ውኃ ነበረ። ሕዝቡ ሲበዛ በ1930ዎቹ ዓ.ም. በትንሹ አቃቂ ራስጌ የገፈርሳ ግድብ፥ በ1960ዎቹ መጀመሪያም የለገዳዲ ግድብ ተሠሩ፤ ኋላም ከከተማው በስተደቡብ በአቃቂ ሜዳ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። እንግዲህ ከተማዋ ከምንጭ ተነሥታ፥ በግድብ በኩል ዞራ፥ ተመልሳ ወደ ምድር ሆድ ገባች ማለት ነው።

በአማርኛ ወደ ሌላ ወንዝ የሚፈስ ጅረት ገባር ይባላል፤ ግብር እንደሚያገባ ሰው ማለት ነው። ነገር ግን የሚታየው ጅረት ብቻ አይደለም የሚገብረው። በበጋ ምድሪቱ ራስዋ በግራና በቀኝ ከዳር እስከ ዳር ለወንዙ ትገብራለች። በክረምት ወንዙ ሞልቶ ከፍ ሲል ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ወንዙ በዳርቻው ላለው መሬት ይገብራል፥ መሬቱም ያንን ውኃ እንደ አደራ ይዞ ወንዙ ሲጎድል ይመልሰዋል። ገባርና አስገባሪ በየወቅቱ የሚለዋወጡበት አገር ቢኖር ይህ ነው። የሚወስነውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የማን ውኃ ከፍ ብሎ እንደ ቆመ ነው። ከወንዙ አጠገብ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ውኃ ከወንዙ ፊት ከፍ ያለ እንደ ሆነ ምድር ሰጪ ናት፤ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ወንዙ ሰጪ ነው። አንዱ ወንዝ ራሱ በአንድ ስፍራ ተቀባይ በሌላው ስፍራ ሰጪ ይሆናል። አዋሽ በደጋው ብዙ ገባር ተቀብሎ ከወረደ በኋላ በአፋር ቆላ በትነትና ወደ ምድር በመስረግ እየቀነሰ ሄዶ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያልቃል።

ከዚህ ከታላቁ መስጠትና መቀበል ሌላ በራሱ በወንዙ ወለል ውስጥ የሚደረግ ትንሽና ፈጣን ልውውጥ አለ። ውኃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ ይባላል፤ ተረቱ ግን ድንጋዩ ከማስጮኽ በቀር የሚሠራውን ሥራ አልነገረም። ወንዝ ከድንጋይና ከጠጠር ክምር ላይ ሲደርስ ከክምሩ በላይ ያቁራል፥ ከክምሩ በታች ይወድቃል። ከላይ ያቆረው ውኃ በራሱ ክብደት እየተገፋ ከፊሉ ወደ ጠጠሩ ውስጥ ይገባል፤ በጠጠሩም መካከል እየተሽሎከሎከ ጥቂት ወይም ብዙ ክንድ ሄዶ ከክምሩ በታች ተመልሶ ወደ ወንዙ ይወጣል። ወንዝ በሚጠማዘዝበትም ስፍራ ዙሪያውን ትቶ በመታጠፊያው አንገት፥ በአሸዋው ሥር አቋርጦ የሚያልፍ ውኃ አለ። መንገዱ አጭር የሆነው በሰዓታት ይመለሳል፤ ረጅም የሆነው ሳምንታትና ወራት ይቆያል። አንዲት የውኃ ጠብታ ከራስጌ እስከ ግርጌ ስትጓዝ ብዙ ጊዜ ከብርሃን ወደ ጨለማ ትገባለች፥ ትወጣማለች።

ለዚህ ስፍራ ስም ያወጣለት ትራያን ኦርጊዳን የተባለ የሮማንያ ሊቅ ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ሃይፖሬይክ ብሎ ሰየመው። ቃሉ ከጽርእ የመጣ ሲሆን በታች የሚፈስ ማለት ነው። በአማርኛ የወንዝ ሥር ውኃ ቢባል ይበቃል። ውኃው በአሸዋ ውስጥ ምን ያህል እንደሚያልፍ ግን ከዚያ መቶ ዓመት አስቀድሞ ታውቆ ነበር። ፈረንሳዊው መሐንዲስ አንሪ ዳርሲ በዲዦን ከተማ በቆመ የብረት ቱቦ ውስጥ አሸዋ ሞልቶ ውኃ እያሳለፈ ለካ፤ ያገኘውንም ሕግ በ1856 አሳተመ። የከፍታው ልዩነት እጥፍ ሲሆን የሚያልፈው ውኃ እጥፍ ይሆናል፤ የአሸዋው መንገድ ሲረዝም ይቀንሳል፤ ከሁሉም በላይ የሚወስነው የአሸዋው ዓይነት ነው። ጠጠር ያለ ችግር የሚያሳልፈውን ውኃ ዋልካ ይዞ ያስቀረዋል። ልዩነቱም በሁለትና በሦስት እጥፍ ሳይሆን በብዙ ሺህ እጥፍ የሚቆጠር ነው።

በዚያ ጨለማ ውስጥ ሕይወት መኖሩ ብዙ ሰው አያውቅም። በአሜሪካ በሞንታና አገር ጃክ ስታንፎርድና አርደን ጎፊን የተባሉ ሊቃውንት ለከተማ መጠጥ ከተሠራ ጉድጓድ ውስጥ የወንዝ ነፍሳት እጭ መገኘቱን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 አስታወቁ። ኋላም ከወንዙ እስከ 2 ኪሎ ሜትር በራቁ ጉድጓዶች ውስጥ እንዲሁ ተገኘ። ጉድጓዱን የቆፈረው ሰው ከወንዝ ርቄአለሁ ብሎ ነበር፤ ትሎቹ ግን ከወንዙ ጋር መሆኑን መሰከሩበት። ከእነዚህም የሚያንሱ፥ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ነፍሳት በእያንዳንዱ የአሸዋ ፍሬ ላይ እንደ ቀጭን ልባጥ ተለጥፈው ይኖራሉ። ወንዙ የሚያመጣውን ብስባሽ የሚበሉት እነዚህ ናቸው። ከፍግና ከሽንት የሚመጣውንም ናይትሬት፥ ኦክስጅን ባለቀበት ጥልቅ ስፍራ፥ ወደ ናይትሮጅን አየር ለውጠው ይሰዱታል። ንጹሕ ጠጠር ያለው ወንዝ ራሱን ያጥባል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

የወንዝ ሥር ውኃን በዓይኑ ማየት የፈለገ ሰው ወደ ድሬዳዋ ይውረድ። ደቻቱ ከዚራንና መጋላን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው፤ በዓመቱ ውስጥ በአብዛኛው ቀን ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ይሻገረዋል። ደረቅ ነው ብሎ የተዘናጋ ግን በሁለት ወገን ተሳስቷል። አንደኛ፥ በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ሕዝቡ በተኛበት ሌሊት ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ጎርፍ በከተማው ላይ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፥ ቤትና ንብረትም ጠራርጎ ወሰደ። ሁለተኛ፥ ጎርፉ በሰዓታት ውስጥ አልፎ ቢሄድም እንዲህ ያለ ወንዝ ሁሉንም አያሳልፍም፤ የተወሰነውን አሸዋው ይውጠዋል፥ ከላይ ደርቆ ሳለም ከሥር በእርጋታ ይሄዳል።

የአሸዋ ወንዝ ባለበት ቆላ ሁሉ ይህን እረኞች ያውቁታል፤ አሸዋውን በእጃቸው ወይም በቅል ጭረው ከብቶቻቸውን ያጠጣሉ። ዝንጀሮም ያውቀዋል፤ ያቆረው ውኃ በአጠገቡ ሳለ እንኳ ትቶት አሸዋውን ጭሮ የጠራውን ይጠጣል። ከአሸዋው መጠን ሩብ ወይም ሲሶ የሚሆነው በፍሬዎቹ መካከል ያለ ባዶ ቦታ ስለ ሆነ ውኃ ይሞላበታል፤ ከአንድ ክንድ በላይ የጠለቀውን ደግሞ ፀሐይ እምብዛም አትነካውም። ክፍት ኩሬ በቆላ ፀሐይ ተንኖ ባለቀበት ወር፥ በአሸዋ ሥር የተቀመጠው ውኃ ይገኛል። ትንኝም አይራባበትም።

በኬንያ በማቻኮስና በኪቱይ፥ በኢትዮጵያም በቦረናና በሐረርጌ ቆላዎች የተሠራው የአሸዋ ግድብ ከዚህ ዕውቀት የወጣ ነው። በደረቁ ወንዝ ላይ ከዳር እስከ ዳር የድንጋይ ግንብ ይሠራል፤ ጎርፍ ሲመጣ ከባዱ አሸዋ ከግንቡ በስተላይ ይቀመጣል፥ ቀላሉ ጭቃ ግን ከላይ ተሻግሮ ይሄዳል። በጥቂት ክረምት ግንቡ በአሸዋ ይሞላል። አንድ እንግዳ ሹም መጥቶ ቢያየው ግድቡ በደለል ተበላሽቷል ሊል ይችላል፤ የተፈለገው ግን ይኸው ነው፤ ግድቡ ውኃ የሚይዝ አሸዋ ያከማቻል። ይሁን እንጂ ሥራው በማንኛውም ወንዝ ላይ አይሆንም። ከሥሩ ጠንካራ ዓለት ያስፈልገዋል፥ ግንቡም እስከ ዓለቱ ድረስ መውረድና በሁለቱ ዳር ወደ መሬቱ መግባት አለበት፤ ካልሆነ ውኃው በሥር ይሾልክና ግንቡን ይጥለዋል። ከራስጌው ያለው አገር ዋልካ ከሆነ ደግሞ ወንዙ የሚያመጣው አሸዋ ሳይሆን ጭቃ ነው፤ ጭቃ ውኃ ይይዛል እንጂ አይሰጥም። ገንዘብ ከመመደቡ በፊት ከወንዙ ወለል አንድ እፍኝ አንሥቶ በጣቶች መካከል ማሸት ብዙ ብር ያድናል።

በአውሮፓም ይህንኑ በትልቁ አድርገውታል። የጀርመን ከተማ ዱሰልዶርፍ ከ1870 ጀምሮ የመጠጥ ውኃዋን የምትቀዳው ከራይን ወንዝ ፊት ሳይሆን በዳሩ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ነው፤ ወንዙ በጠጠሩ ውስጥ እያለፈ ተጣርቶ ይደርሳል። ጀርመኖች በሕጋቸው እንደሚያስቡት ውኃ በምድር ውስጥ 50 ቀን ያህል ከተጓዘ በሽታ የሚያመጡት ነፍሳት ይሞታሉ። ይህን የሰማ ሰው፥ እንግዲያውስ በልደታም ከትንሹ አቃቂ ዳር ጉድጓድ ቆፍሮ የተጣራ ውኃ መጠጣት ይቻላል ይል ይሆናል። አይቻልም፤ ምክንያቱንም ማወቅ ይገባል።

ራይን የሚሄደው በወፍራም የጠጠር ንጣፍ ላይ ነው። ትንሹ አቃቂ ግን በላቫ ድንጋይ ላይ ይሄዳል፤ በወለሉ ያለው አሸዋና ጠጠር ስስ ነው፥ ከእርሱም በታች ያለው ድንጋይ የተሰነጣጠቀ ነው። አሸዋ ወንፊት ነው፤ ስንጥቅ ግን ቧንቧ ነው። በስንጥቅ የገባ እድፍ ሳይጣራ በጥቂት ቀን ሩቅ ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛም፥ አሸዋ የሚያስቀረው ነገር አለ፥ የማያስቀረውም አለ። የሆድ በሽታ የሚያመጡትን ነፍሳት ጊዜ ይገድላቸዋል፤ ኦክስጅን ባለበት ውኃ ውስጥ ያለ ናይትሬትን ግን የጊዜ ርዝመት አያጠፋውም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የምድር ጥናት ሊቅ ታምሩ ዓለማየሁ ስለ ከተማዋ የከርሠ ምድር ውኃ መበከል ካሳተሙት ጥናት እንደሚታየው፥ ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሚሰርገው እድፍ ወደ ከተማው ምንጮችና ጥልቀት ወደሌላቸው ጉድጓዶች ገብቷል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የፈቀደው የናይትሬት መጠን በ1 ሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚህ ሲያልፍ በተለይ በጡጦ ለሚያድጉ ሕፃናት አደገኛ ነው። የሚያሳስተውም ይህ ነው፤ ናይትሬት የሞላበት ውኃ እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ያለ፥ ሽታም የሌለው ነው።

የቆዳ ፋብሪካ ክሮም ጠባይ ደግሞ ሌላ ነው። ክሮም አብዛኛውን ጊዜ ከጭቃው ጋር ይጣበቃልና በወንዙ ወለል ውስጥ ይከማቻል። በበጋ ተኝቶ ይቆያል፤ በክረምት ጎርፍ ወለሉን ሲያገላብጥ ተነሥቶ ወደ ታች ይሄዳል፥ ውኃው በሚወጣበትም የአትክልት መሬት ላይ ይቀመጣል። ከልደታ ቁልቁል በመካኒሳና በአቃቂ በኩል በወንዙ ዳር ለብዙ ዓመታት ጎመን፥ ሰላጣና ቆስጣ በዚህ ውኃ ሲበቅል ኖሯል፤ ፍሥሐ ኢታና በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ያሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ በሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠል አትክልቶች ውስጥ ያለውን የብረታ ብረት መጠን መርምሮ ለጤና የሚያሰጋ መሆኑን አመልክቷል። እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ ቁጥር የሚቀድመው አሳብ አትክልተኛውን ከመሬቱ ማንሣት ነው። ይህ ቀላል ፍርድ ነው፤ ቀላል በመሆኑም ይወደዳል። እድፉን የለቀቀው ግን አትክልተኛው አይደለም፥ እርሱ ቢነሣም እድፉ በወለሉ ውስጥ ወርዶ የጉድጓዱን ውኃ መከተሉን አይተውም።

ወደ ገጠሩ ሲመለሱ የወንዙን ወለል የሚያጠፉ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ፤ አንደኛው ጭቃ ነው። ገበሬ እስከ ወንዙ ከንፈር ድረስ ሲያርስና ከራስጌው ያለው ጋራ ሲራቆት፥ ጎርፉ የሚያመጣው ድቡሽትና ዋልካ በጠጠሩ ፍሬ መካከል ገብቶ እንደ ምርጊት ይደፍነዋል። ያን ጊዜ ወንዙ በክረምት ለምድር መገበር ይቀርበታል፥ ምድርም በበጋ የምትመልሰው አይኖራትም። ሽማግሎች ይህ ወንዝ በልጅነታችን በበጋ አይደርቅም ነበር ሲሉ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በሰማይ ላይ ይደረጋል፤ ዝናሙ ግን ላይቀንስ ይችላል፥ የተዘጋው በሩ ነው።

ሁለተኛው የአሸዋ ንግድ ነው። ለቤት ሥራ አሸዋ ያስፈልጋል፤ ማንም ሊከለክለው አይችልም። ነገር ግን ከአንድ ወንዝ ክረምት ከሚያመጣው በላይ አሸዋ በመኪና ሲጋዝ ወለሉ ይወርዳል። ወለሉ ሁለት ክንድ የወረደ እንደ ሆነ የወንዙ ውኃም ከእርሱ ጋር ይወርዳል፤ በዳሩ ያለው የከርሠ ምድር ውኃ ወደ ወረደው ወንዝ ይፈስሳልና የጎረቤቱ ጉድጓድ በጥር ይደርቃል። ባለጉድጓዱ ሌባውን በጉድጓዱ አፍ ይፈልጋል። ሌባው ግን በወንዙ ውስጥ በአካፋ እየጫነ ነው፥ ምናልባትም ደረሰኝ ተቆርጦለት።

ከዚህ የሚነሣ ክርክር ወደ ሹሙ ፊት መምጣቱ አይቀርም። ከላይ ያለው ሰው ከወንዙ ዳር ጉድጓድ ቆፍሮ በሞተር ይስባል፤ ከታች ያለው መስኖው ይጎድልበታል። የላዩ ሰው ሲጠየቅ፥ እኔ ወንዙን አልነካሁም፥ ከወንዙ ቦይ አልጠለፍሁም፥ ከገዛ መሬቴ ሥር ነው የቀዳሁት ይላል። አነጋገሩ እውነት ይመስላል። በእንግሊዝ አገርም አንድ ጊዜ እውነት መስሎ ተፈርዶበታል። ዋንድል በሚባለው ወንዝ ላይ የውኃ ወፍጮ የነበረው ሰው፥ የክሮይደን ከተማ የጤና ቦርድ ትልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ወደ ወንዙ የሚደርሰውን ውኃ ስለ ሳበበት ከሰሰ፤ ጉዳዩም ከታላቁ ሸንጎ ደርሶ በ1859 ባለወፍጮው ተረታ። ዳኞቹ ከምድር በታች የሚሰርግ ውኃ መንገዱ ስለማይታወቅ በእርሱ ላይ መብት ሊቆም አይችልም ብለው አመኑ። መንገዱ ስላልታየ የለም ተባለ ማለት ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ቴይስ ግን በ1940 እንዳስረዳው ከጉድጓድ የሚወጣ ውኃ ሁሉ ከአንድ ስፍራ ይጎድላል፤ መጀመሪያ ከምድር ሆድ ካለው ተቀማጭ ይወሰዳል፥ እየቆየ ግን ወደ ወንዝ ይወጣ ከነበረው ይቀነሳል፥ ወይም ከወንዙ ራሱ ይሳባል። ጉድጓዱ ለወንዙ በቀረበ መጠን ይህ ፈጥኖ ይሆናል። ብዙ ጊዜም ጉዳቱ የሚታየው ሞተሩ ሥራ ከጀመረ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ስለ ሆነ ከሳሹ ምስክር ያጣል።

በኢትዮጵያ ሕግ ግን ይህ የእንግሊዞች ችግር የለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱ ውኃ ሁሉ የሕዝቡና የመንግሥቱ የጋራ ንብረት መሆኑን ሲደነግግ የላዩንና የከርሠ ምድሩን አልለየም። ስለዚህ ከገዛ መሬቴ ሥር ነው የሚለው መልስ ክርክሩን አይዘጋውም፤ የሚቀረው ጥያቄ የፍሬ ነገር ጥያቄ ነው። ያ ጉድጓድ በእውነት ከወንዙ ይስባልን?

ይህን ለማወቅ ከአዲስ አበባ ሊቅ እስኪመጣ መጠበቅ ሁልጊዜ አያስፈልግም። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በባዶ እግሩ ወንዙን የሚሻገር ሰው የምድር ውኃ የሚወጣበትን ስፍራ በእግሩ ያውቀዋል፤ የከርሠ ምድር ውኃ ሙቀቱ ከቀን ወደ ቀን እምብዛም ስለማይለወጥ፥ በማለዳ ብርድ ለብ ይላል፥ በቀትር ግን ይቀዘቅዛል። በዳሩ ላይ እንደ ዝገት የቀላ ልጋግ የታየ እንደ ሆነ በዚያ ብረት የያዘ የምድር ውኃ ከጨለማ ወጥቶ ከአየር ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። በበጋ ጧት የነበረው ፈሳሽ ከሰዓት በኋላ ቀንሶ ሌሊት መልሶ የሚጨምር ከሆነ፥ ከራስጌው ማንም ያልጠለፈው ሲሆን፥ ዳሩ ላይ የተተከለው ባሕር ዛፍ ከሥር እየጠጣው መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ባሕር ዛፍ ቤት ሠርቷል፥ እንጀራም ጋግሯል፤ ከምንጭ ራስ ላይ ግን ባይተከል ይሻላል።

ከሁሉ የሚታመነው ግን ቧንቧ ነው። ቀጭን የብረት ቧንቧ፥ ርዝመቱ ሦስት ክንድ የሆነ፥ ይወሰዳል፤ የታችኛው አፉ ተቀጥቅጦ ይዘጋል፥ ከእርሱም በላይ አንድ ስንዝር ያህል በምስማር ይበሳሳል። ውኃው ጉልበት በማይደርስበት ስፍራ በወንዙ ወለል ውስጥ አንድ ክንድ እስኪገባ በመዶሻ ይመታል። ጭቃ እንዳይደፍነው አንድ ኩባያ ውኃ ይፈስስበትና ቀዳዳዎቹ መከፈታቸው ይታያል፤ ውኃው ጨርሶ የማይወርድ ከሆነ ተነቅሎ በሌላ ስፍራ ይተከል። ከዚያ ግማሽ ቀን ይተዋል። በኋላ ደረቅ ዘንግ ከውስጥ ሰድዶ ከቧንቧው አፍ እስከ ውስጡ ውኃ ያለውን ርቀት መለካት፥ ደግሞ ከዚያው አፍ እስከ ወንዙ ፊት ያለውን ከውጭ መለካት ነው። የውስጡ ውኃ ከወንዙ ፊት ከፍ ያለ እንደ ሆነ በዚያ ስፍራ ምድር ለወንዙ ትሰጣለች። ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ወንዙ ወደ ምድር ይሄዳል። የተከራከሩበት ሞተር ሦስት ቀን ቆሞ ሦስት ቀን ሲሠራ ልኬቱ የተለወጠ እንደ ሆነ፥ ባለሞተሩ ወንዙን አልነካሁም የሚለው ቃል በገዛ ወንዙ ተረትቷል። ሽማግሎች በተገኙበት ቢደረግና ቁጥሩ በሁለቱም ወገን ፊት ቢጻፍ ይበልጥ ይጸናል። የሦስት ቀን ልኬት ካልተለወጠ ግን ባለሞተሩ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም፤ ከወንዙ በራቀ ጉድጓድ ጉዳቱ ዘግይቶ ስለሚደርስ ልኬቱን ወር ቆይቶ መድገም ያስፈልጋል።

ልኬቱ በጥር አንድ ጊዜ፥ በግንቦትም ልደታ ሰሞን ወንዙ ከሁሉ በሚጎድልበት አንድ ጊዜ ተደርጎ በወረዳው መዝገብ ቢጻፍ፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ የትኛው ወንዝ እየተቀበለ የትኛው እየሰጠ እንደ ሄደ ይታወቃል። ቧንቧውን ግን ከሰኔ ሚካኤል በፊት ነቅሎ በጽሕፈት ቤቱ ማስቀመጥ ነው። በትንሹ አቃቂ ላይ የተረሳ ቧንቧ በክረምቱ ጎርፍ ከተወሰደ ከአባ ሳሙኤል ወዲህ አይገኝም።